ዝም ሲል ፍራ

ጋሽ ቆጭቶ ሞተ ብሎ የነገረኝ የደካ መኪና ረዳት ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጭነት እየፈታ፣ እንደ ዘበት፣ ያ ጌም ቤት የነበረው ሰውዬ ሞተ አሉ አለኝና ገመዱን ወረወረልኝ። ያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ገመድ ሲወረወር ይያዛል። ጆንያው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ገመዱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ረዳቱ ራሱ ወርዶ ነው ከእጄ ያስለቀቀኝ።

እኔ ቦንጋ መናኸሪያ ተሳፋሪ የምጠራው ታሪኩ ነኝ። የማያውቀኝ ካለ ለከተማው እንግዳ ነው ማለት ነው። «ደካ፣ ደካ፣ ደካ» ስል ደካ ያለ ዶሮ ቀና ይላል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ፊደሉን ጨርሼ ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ተጣላን። በአፍ ከሆነ ግን ዲግሪ ያለውም አይችለኝም። በጌም ደግሞ፣ ኩራት አይሁንብኝና፣ ከቦንጋ አንደኛ እኔ ነኝ። ድሮ ሁለተኛ ነበርኩ። አንደኛው ጋሽ ቆጭቶ ነበር። አንደኛ የሆንኩት በልጬው አይደለም፤ ዓይኑ ስለተወሰደበት ነው። እንዲህ ዓይነት አንደኝነት ለጠላቴም አይስጠው።

ጌም ቤቱ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ነበር። የቆርቆሮ ክፍል ነች፤ ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ የኳስ ናቸው፤ ልጁ ሁሉ የሚመጣው ለኳስ ነው፤ እየተሰዳደበ ይጫወታል። ጥግ ላይ ያለችው አንዷ ግን የእሱ ነች። እዚያ ላይ ኳስ አይጫንም። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ሰውዬ ፋኖስ ይዞ ጫካ ውስጥ የጠፋች እህቱን የሚፈልግበት። ስሙ በፈረንጅ አፍ ረጅም ነው፤ እኛ «ፋኖሱ» ነበር የምንለው።

ጋሽ ቆጭቶ ሲጫወት ብታዩት። ረጅም ነው፣ እግሩ የሚገባበት ቦታ ያጣል። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርግና ጆሮውን ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል። ይሄ ነገር ከአባቱ የመጣ ነው። አባቱ ጌሻ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆኖ ከኋላቸው ሲሄድ ማውራት ክልክል ነው። ጉሬዛው እየጮኸ ከሆነ ይሄዳሉ። ጉሬዛው ዝም ካለ ይቆማሉ፤ ምን እንዳለ ባያውቁም ይቆማሉ። «አባቴ ነብር አሳይቶኝ አያውቅም» ይል ነበር። «ዝምታውን ነው ያሳየኝ።»

ፋኖሱን መጀመሪያ የያዝኩ ቀን እየፎከርኩ ገባሁ። ሰውዬውን አስሮጥኩት። ጫካው ውስጥ ወፍ ይንጫጫል፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው፣ እኔ ደግሞ አወራለሁ፤ የታለ ጭራቁ፣ አምጡልኝ፣ ቁርሴ ነው እላለሁ። ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ከጎን መጥቶ ሰውዬውን ከነፋኖሱ ጠራርጎ ወሰደው። ኳስ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው ሳቁብኝ። ጆይስቲኩ ተበላሽቷል አልኩ።

ጋሽ ቆጭቶ አልሳቀም።

«ጡሩምባ» አለኝ፤ ስሜን ያን ቀን ነው ያወጣልኝ። «ወፉ ካቆመ ቆይቷል እኮ። ዝም ሲል ፍራ።»

ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ሳይኖር ሲቀር እዚያ ነኝ። ሌላው ሰው ጌም የሚያስፈራው ጭራቁ ስለሚያስጠላ ይመስለዋል። እሱ እንደዚያ አይደለም፤ እንደ መካኒክ ፈታትቶ ነው የሚያሳይህ። ፋኖሱ ለምን እግርህ ሥር ብቻ የሚያበራ ይመስልሃል፣ ዘይት አጥተው ነው እንዴ ይለኛል። መንገዱ ሲጠብ ምስሉ ማጅራትህ ላይ ለምን እንደሚጠጋ ያሳየኛል፤ ኋላህን እንዳታይ ነው። አንድ ቦታ የተሰበረ ቅርጫት ወድቋል፣ ሌላ ቦታ አንድ እግር ጫማ አለ፣ በር ላይ ጥፍር የቧጨረው ምልክት አለ። ማንም አልመጣም። ግን የመጣ ይመስልሃል። ጥግ ላይ የሆነ ነገር ውል ይላል፤ ስትዞር ቅጠል ነው። አንዴ ረጅም መንገድ እየተሸበርን ሄደን ሄደን ምንም ሳይመጣ ቀረ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ምንም የለም እኮ፣ በነፃ ነው ያስፈራሩን ብዬ ተነጫነጭኩ።

«ጭራቁ ሲመጣማ ታርፋለህ» አለ ጋሽ ቆጭቶ። «ትጣላዋለህ፣ ወይ ትሞታለህ። ከሌለ ጭራቅ ጋር ግን እንዴት ትጣላለህ?»

ከሁሉ የማልረሳው ግን የዕቃ ቤቱን ነው። ጨዋታው መሀል ላይ አንዲት ክፍል አለች። ገባሁ፣ በመድኃኒት ተሞልታለች። የፋኖስ ዘይት አለ፣ ጥይት አለ፣ ዳቦ ሳይቀር አለ። እስከዛሬ በአንድ ጠብታ ዘይት ሲያንገላታኝ የነበረ ጌም በአንዴ ሀብታም አደረገኝ። ተነስቼ እስክስታ መታሁ። ኳስ የሚጫወቱትን ኑ ሀብቴን እዩ ብዬ ጠራሁ። ጋሽ ቆጭቶ ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አሁን ነው የምትፈራው» አለ።

«ለምን ጋሼ፣ ጠግቤ እኮ ነው።»

«ለዚህ ነው። ይሄን ሁሉ ያስቀመጠልህ ሰው ከሚቀጥለው በር ኋላ ምን እንዳለ ያውቃል። ባያውቅ ምን አሳዘነው?»

በሩን ከፈትኩ። የሆነውን አልናገርም፤ ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ነበር።

ይቺን ትምህርት ግን መናኸሪያም ይዣት ወጣሁ። ስስታሙ ባለመኪና ፈገግ ብሎ ምሳ ሲጋብዘኝ፣ በሩ ጋ ደርሻለሁ ብዬ ሸሸሁ። ያን ቀን የጋበዛቸው ልጆች ጭቃ ውስጥ መኪናውን ሲገፉለት ዋሉ። እንዲህ ነበር ያስተማረኝ፤ የትኛው አስተማሪ ይሄን ያስተምራል?

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። መነካት የማያውቀውን የጋሽ ቆጭቶን ሰውዬ ከጎን የሚመጡ ነገሮች ይገድሉት ጀመር። መጀመሪያ እኔ እንኳን የማልሞትባት ቦታ ላይ ሞተ። ዲስኩ ተጭሯል አለ። ዲስኩን አውጥተን በጥርስ ሳሙና አሸነው፤ ይሄ የእኛ ሙያ ነው፣ ጥርስ ከማጽዳት ይልቅ ዲስክ ላይ ነው ሳሙናው የሚያልቀው። ተመልሶ ሞተ። ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ጠርዙ ጨልሟል አለ። እኔ ሳየው ደህና ነው። አሮጌ ስለሆነ ነው ብሎ ከጅማ ሰፋ ያለ አስመጣ። ባሰበት። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ጎኑ ይርቃል ለካ፣ ያኔ ማን አወቀ።

ከዚያ ብርሃን መጨመር ጀመረ። ይሄ ጨዋታ ሲጀምር ይጠይቅሃል፤ አንድ ምልክት ያሳይህና ሊጠፋ እስኪደርስ ድረስ ብርሃኑን ቀንስ ይልሃል። ፍርሃቱ የተሠራው በዚያ ጨለማ ነው። ጋሽ ቆጭቶ በየጊዜው ከፍ፣ ከፍ እያደረገ ጫካው ነጣ። ዛፉ ነጣ፣ ጥላው ጠፋ፣ ጥግ ላይ የተደበቀው ጭራቅ እንደ ጎረቤት ቆሞ ይታያል። ልጆቹ፣ ጋሽ ቆጭቶ፣ ጫካው ላይ ወተት ተደፋ እንዴ ብለው አሾፉበት። እኔን ጨምሮ ሁላችንም የምናየውን ጭራቅ እሱ ብቻ አያየውም ነበር። እሱ ደግሞ ተደብቋል ብሎ ያስባል። ያን ሰሞን በለጥኩት ብዬ መናኸሪያውን ሙሉ ነገርኩ፤ ተሳፋሪ ሳይቀር ሰምቷል።

የታወቀው በቀልድ ነው። አንድ ከሰዓት ዝናብ ሆኖ ቤቱ ሞልቷል። እሱ ፋኖሱ ላይ ነው። እኔ ልጆቹን ላስቅ ብዬ አጠገቡ ቆሜ ጆሮው ሥር ቡጢዬን አወዛወዝኩ፤ ምላሴን አወጣሁ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ምንም። እጄን ወደ ፊት አመጣሁ። ምንም። ጉንጩ አጠገብ አመጣሁ፤ ጣቶቼን እያፍተለተልኩ። ልጆቹ መሳቅ ቀነሱ። እጄ አፍንጫው ፊት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው ደንግጦ ወደ ኋላ ያለው። ቤቱ ጭጭ አለ። ኳሱ ላይ የሚጮኸው ጋዜጠኛ ብቻ ነው የሚሰማው።

ጋሽ ቆጭቶ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ለምን ዝም አላችሁ?» አለ።

ጅማ ዓይን ሐኪም ጋ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። እዚያ አንድ መሣሪያ አለ። አገጭህን ታስቀምጥና መሀሉን እያየህ፣ የብርሃን ነጥብ ውል ባለ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። ጋሼ፣ ይሄማ ጌም ነው፣ የአንተ ነገር ነው አልኩት። ቁልፉን እንደ እንቁላል ያዛት። ሲጨርስ ወጣና ቀላል ነች አለኝ፤ ነጥቡ ብዙም አይመጣም፣ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው አለኝ። እኔ ወረቀቱ ሲወጣ አይቻለሁ። ዙሪያውን ጥቁር ነው፤ መሀል ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ነጭ ቀርታለች። ማንበብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ እሱን ግን አነበብኩት።

ዶክተሯ መጀመሪያ ችኩል ነበሩ፤ ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። ወረቀቱን ሲያዩ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ተነስተው ወንበር አቀረቡለት። ከየት ነው የመጣኸው ወንድሜ አሉት። ለእኔም ወንበር ተፈለገ። ጠብታ መድኃኒት አወጡ፤ ሌላ ጨመሩ፤ ቆይ ይሄንንም ውሰድ ብለው ከመሳቢያ ሌላ ሰጡት። ነርሷ ውሃ አመጣችለት። ፌስታሉ ሞላ። ጋሽ ቆጭቶ ፌስታሉን በእጁ ዳሰሰው። ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ጡሩምባ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «በሩ ጋ ደርሰናል።»

ፌስታሉን ተቀበልኩት። እሱ ወደ ዶክተሯ ዞሮ፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ይንገሩኝ አላቸው። ሰውዬው ምን ይላል ብለው እኔን አዩኝ። ቁርጡን ነው የሚፈልገው አልኳቸው። ነገሩት። የዓይን ግፊት ነው፣ ከዳር ዳር እየበላ ነው የሚመጣው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረችውን ለማቆየት እንሞክራለን አሉ። አያምም ነበር እኮ አላቸው። አያምም አሉ፤ ሰው የሚያውቀው መሀሉ ጋ ሲደርስ ነው።

ጋሽ ቆጭቶ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ጎበዝ ጌም ሲያይ የሚስቀውን ነው።

«ጎበዝ ነው» አለ። «አንድ ድምፅ አላሰማኝም።»

መድኃኒቱን በሰዓቱ ነበር የሚያደርገው። ያቺ ቀዳዳ ግን ጠበበች። የቤቱን በር በትከሻው መምታት ጀመረ፤ ባጃጅ ሲመጣ ሰው እጁን ይይዘዋል፤ እጁን ሲይዙት ይጠላል። አንድ ቀን ቤቱን ልዘጋ ነው፣ ደካ እናቴ ጋ ልግባ አለ። የመጨረሻ ቀን ፋኖሱ ላይ ተቀመጠና ብርሃኑን ወደ ድሮው መለሰው። ጫካው እንደገና ጠቆረ። ለእኔ አንድ ነው አለ፤ ለእናንተ ግን ጫካ ይምሰል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ከግራ፣ ከቀኝ እያልኩ በድምፅ ብቻ ሰውዬውን የጫካውን የመጀመሪያ ወንዝ አሻገረው። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ግን ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

ሞተ የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ክረምት አልፎ። በነጋታው ጥቁር ጃኬት ተውሼ ደካ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ መኪናው ይተኛል ይነሳል። መንገዱን ሙሉ አንድ ተሳፋሪ እንኳን አልጠራሁም፤ ሹፌሩ ታመሃል እንዴ አለኝ።

የእነ ጋሽ ቆጭቶ ግቢ ከመንገዱ ወጣ ብሎ እንሰቱ መሀል ነው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ከአጥር ጀምሮ ድምፁን ያሰማል፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ከሆነ አልታማም። ከመታጠፊያው ጀምሬ ለቀቅኩት። ወንድሜ፣ መምህሬ፣ ጋሽ ቆጭቶ፣ የቦንጋው አንደኛ፣ ምነው ሳልቀብርህ እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም። ሰው የለም። አንድ ሰው እንኳን ከእኔ ጋር አያለቅስም። ዝም ሲል ፍራ ተብዬ ነበር፤ እኔ መች ሰማሁ፤ ጩኸቴን ቀጠልኩ።

ከደጃፉ አግዳሚ ላይ አንድ ረጅም ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል።

«ጡሩምባ» አለ። «ማነው የሞተው?»

አንተ ነህ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

«ከጎን መጣህብኝ» አለና ሳቀ። እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን እኔ ወደሌለሁበት ነው የሄደው። ሄጄ ገባሁበት። ያቺ የቁልፍ ቀዳዳም ተዘግታለች። ሙሉ በሙሉ።

ወሬው እንዴት እንደተነሳ ያኔ ገባኝ። እሱ ማየት ሲያቆም ሰው እሱን ማየት አቆመ። ገበያ አይወጣም፣ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። ያልታየ ሰው ደግሞ ሞቷል ነው።

እናቱ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ በል ይሉኛል። እሳቸው ደግ ናቸው፤ አቅፈው ሳሙኝ፣ ግን በሹክሹክታ ነው። ከኋላቸው የመጡት የወንድሙ ልጆች ባዶ እግራቸውን በጣታቸው ነው የሚራመዱት። ቤት ውስጥ ሳህን አይጋጭም። በር ሲከፈት አይሰማም፤ ማጠፊያውን ቅቤ ቀብተውታል። የታመመ ሰው ጩኸት አይወድም ብለው ነው። ሁሉም ሰው ይራራለታል። ቆጮው የሚሰጠው ተቆራርሶ ነው፣ ሥጋው ተመርጦ ነው፣ ካሉት ሁሉ ጥሩው ጋቢ የእሱ ነው።

ሲሄዱልን ክንዴን ያዘኝ። አያያዙን አላውቀውም ነበር። ይሄ ጆይስቲክ እንደ እንቁላል የሚይዝ ሰው ሥጋዬን ጨመቀው።

«ስንት ሰው እዚህ እንዳለ አላውቅም» አለኝ። «ብቻዬን ነኝ ብዬ አወራለሁ፣ አጠገቤ ሰው ይተነፍሳል። ሰው አለ ብዬ አወራለሁ፣ ማንም የለም። ሳህኑ እጄ ላይ ድንገት ነው የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ ያቺ ዝምታ ነች፣ ጡሩምባ። ምንም አይመጣም። ምንም አይመጣም።»

ለምን አትነግራቸውም አልኩት። ነግሬያቸዋለሁ አለ። እናቴን፣ ጩኹ፣ ተንጫጩ አልኳት። እሷ ወጥታ ቆጭቶ ተከፍቷል፣ አታስቆጡት አለቻቸው። ከዚያ ባሰ። ይባስ ብለው ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ አሻገሯቸው።

እኔ ራሴ ለእናቱ ልነግር ሞከርኩ። በአማርኛ አልሆን ሲል በካፊኖኖ ነገርኳቸው፤ ጫማ አድርጉ፣ አስሉ፣ ስትገቡ መጣሁ በሉ አልኩ። እንባቸውን ጠረጉ። «ዝምታ እኮ ለበሽተኛ መድኃኒት ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ በዚያችው ሹክሹክታ። ክፋት ቢሆን እጮህባቸው ነበር። ፍቅር ላይ እንዴት ይጮሃል?

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩና አወራሁት። ድሮ ዝም በል፣ ጨዋታው እያወራ ነው የሚለኝ ሰው፣ ትንፋሽ ልወስድ ባቆምኩ ቁጥር ጣቱ ክንዴ ላይ ይጠብቃል። የመናኸሪያውን ወሬ ጨረስኩ። የሌለ ጨመርኩ። ስለ ራሴ ስፎክር ሳቀ፤ ያን የተበላሸ ጆይስቲክ አስጠገንከው እንዴ አለኝ። የመኪናው ሰዓት ግን ደረሰ። ሹፌሩ ከመንገዱ ጡሩምባ ነፋ፤ እውነተኛውን።

ተነሳሁ። እጁ አልለቀቀኝም።

«ስትሄድ ዝም ብለህ እንዳትሄድ» አለኝ። «እያወራህ ሂድ። የት እንደደረስክ ልወቅ።»

እሺ አልኩ። ከአግዳሚው ተነስቼ መራመድ ስጀምር አፌ እምቢ አለ። እኔ፣ ታሪኩ፣ የምለው ጠፋኝ። ዞር ስል አንገቱ ዘንበል ብሏል፤ ፊቱ ላይ ያን ቀን ጌም ቤት ለምን ዝም አላችሁ ሲለን ያየሁት አለ። ስለዚህ የማውቀውን ጠራሁ።

«ቦንጋ፣ ቦንጋ፣ ቦንጋ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው፣ አንድ ሰው፣ ቦንጋ፣ ቦንጋ።»

የወንድሙ ልጆች አፋቸውን ይዘው አዩኝ። እናቱ እጃቸውን እያወዛወዙ ዝም በል ይሉኛል። ወደ ኋላ እየተራመድኩ እንሰቱን አለፍኩ፣ አጥሩን አለፍኩ፣ ጭቃው ውስጥ ወደቅኩ፣ እዚያው ሆኜ ጠራሁ። ሹፌሩ ሰክሯል ብሎ ሳቀብኝ። መኪናው ተነሳ፤ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጠራሁ፣ የተሳፈሩት አንተ ልጅ ሞልቷል እኮ አሉኝ፣ ጠራሁ። ከዚያ መታጠፊያው መጣና ኮረብታው ግቢውን ጋረደው።

ድምፄ ጅማ ይሰማል እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ኮረብታ እንዳላለፈ ግን አውቃለሁ። እኔ መጥራቴን አላቆምኩም። ለእሱ ግን ቆሟል።